የከማሉን ባቡር ልናስመልስ የሄድን ዕለት

ወንድሜ ከማሉ ሸረፋ የባቡር ኩባንያ ሹም የሆነ ሰሞን ቤታችን ለቅሶ ተቀመጠ። ቀልዴን አይደለም። እናቴ ሳሌሃ ደረቷን እየመታች፣ የቡታጅራ ጎረቤት እየገባ "አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ" እያለ፣ አባቴ ሸረፋ ደጃፉ ላይ አንገቱን ደፍቶ፣ ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ሦስት ቀን ተለቀሰ። ሹመት የተለቀሰበት ሌላ አገር ካለ ንገሩኝና ልጽናና። የጥፋቱ ግማሽ የእኔ የሰፍያ ነው፤ ዛሬ አልክድም። ሌላው ግማሽ የማን እንደሆነ ለማወቅ ግን ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ከማሉ ከቤት የወጣው በአሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ አጎታችን ሱቅ ውስጥ እንዲሠራ ተላከ። ሱቁ ግን ለገሃር አጠገብ ሆነና ነገር ተበላሸ። ባቡሩ በጮኸ ቁጥር ልጁ ሚዛኑን ይረሳል። አጎታችን "ሰው ግማሽ ኪሎ ስኳር ሲጠይቀው፣ ባቡር ከመጣ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ሁለት ባቡር ከመጣ ሱቁን ይሰጣል" ብሎ አባረረው። ለእሱ ግን መባረሩ ሠርግና ምላሽ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ባቡር ላይ ተንጠልጥሎ ድሬዳዋ ገባ፤ መጠገኛው ውስጥ ሞተር አጣቢ ሆነ። ከማጠብ ወደ መፍታት፣ ከመፍታት ወደ መግጠም፣ ከዚያ ረዳት ነጂ። ፈረንሳይኛውንም ከስድቡ ጀምሮ ለመደው፤ መጀመሪያ የሚሰማው እሱን ነበርና። በሃያ ስድስት ዓመቱ የባቡሩን መንጃ ብቻውን ያዘ።

እንግዲህ ይህ ወሬ ቡታጅራ ሲደርስ ምን እንደሆነ አስቡት። ቡታጅራ ባቡር የለም። ወልቂጤም የለም፤ በጉራጌ አገር የትም የለም። አባቴ ገበያ ላይ በርበሬ የሚሸጥ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ስሙ "የባቡሩ ሸረፋ" ሆነ። ሰው በርበሬ ሊገዛ ይመጣና ስለ ባቡር ጠይቆ ይሄዳል። አባቴ ደግሞ አይቶት የማያውቀውን ነገር ያስረዳል። በመጀመሪያው ዓመት የባቡሩ ርዝመት ከእኛ መደብ እስከ መስጊዱ ነበር። በሦስተኛው ዓመት መስጊዱን አልፎ ወንዙን ተሻገረ። ጎረቤታችን ቡኢ ከተማ ሳይደርስ አላህ አቆመው።

ለአረፋ ወደ ቤቱ ያልመጣ የእኛ አገር ልጅ ወይ ሞቷል ወይ ታስሯል። ከማሉም በየዓመቱ ይመጣ ነበር። ሥጋው ተበልቶ፣ ምርቃቱ አልቆ፣ ሊሄድ ሲነሣ አባቴ ጉሮሮውን ይጠርግና፣ "መቼ ነው እንግዲህ የምታሳየኝ?" ይለዋል።

"ለሚቀጥለው ዓመት ኢንሻ አላህ፣ አባ። ራሴ መጥቼ እወስድሃለሁ።"

ይህን ሰባት ዓመት አለው። ውሸታም ሆኖ አይደለም፤ ሥራ ነው፣ የሰው ልጅ "ነገ" ማለት ይወዳል። አባቴ አምስት ጊዜ ጠየቀና ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተወ፤ ከማሉ ግን ሳይጠየቅም ይለው ነበር። ገበያ ላይ ስለ ባቡር ማውራቱን ግን አልተወም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

ደብዳቤው የመጣው በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። እኔ አምስተኛ ክፍል ነኝ፤ ከቤታችን ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ስለሆንኩ አንገቴ በትዕቢት ከጣራው በላይ ነበር። ጎረቤት ተጠርቶ ሰማ። ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ፦

"ይድረስ ለምወድህ አባቴ። አልሐምዱሊላህ እኔና ባለቤቴ ሀጀራ ደህና ነን። ከዚህ ወር ጀምሮ ባቡር መንዳት ትቻለሁ። የነበረኝን ቁልፍ ሁሉ አስረክቤአለሁ። አሁን የምውለው ፎቅ ላይ በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። ጠረጴዛና ስልክ ሰጥተውኛል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ እውላለሁ…"

እናቴ የጮኸችው እዚህ ላይ ነው። ጎረቤት ተቀበላት። አባቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አጥፎ ኪሱ ከተተ። አለቀ። ወረቀቱ ጀርባ እንዳለው ማንም አላሰበም፤ እኔ የተማርኩት ሴትዮ ጭምር።

ምን ያስለቅሳል የሚል ካለ ካሳሁንን አያውቅም ማለት ነው። ካሳሁን ከመንዝ ተመድቦ የመጣ የወረዳ ጸሐፊ ነው፤ ደግ፣ ሰላምተኛ፣ ባለ አንድ ኮት። ጠዋት ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ማታ ይወጣል። ማኅተሙ እንኳ ያለው አለቃው ዘንድ ነው። ቡታጅራ ላይ ቢሮ ማለት ካሳሁን ነው። የሚነዳ፣ የሚሸጥ፣ የሚያርስ ሰው ሠራተኛ ነው፤ ተቀምጦ የሚውል ሰው ግን አንድ ነገር ደርሶበታል።

"ከባቡር ወርዶ ካሳሁን ሆነ!" እያለች አለቀሰች እናቴ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶው ድንገት ቆመና ሽማግሌዎች ቤታችን ተሰበሰቡ። አባቴ ነው የጠራቸው። ዋናው ሸህ ሸምሶ ነበሩ። በእኛ በመስቃን ምድር እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም፤ ያልተጣሉትንም አስታርቀዋል። ከቡኢ ደግሞ የአባቴ የንግድ ወዳጅ ባልቻ መጣ። እሱ ክርስቲያን ነው፤ የተጠራውም አዲስ አበባን አውቃለሁ ስለሚል ነው። ካሳሁንም ተጠርቷል፣ የቢሮን ነገር እንዲያስረዳ።

"አንተ ካሳሁን፣ ሰው ክፍል ውስጥ አስገብተው በር የሚዘጉበት ምን ሲያጠፋ ነው?" አሉት ሸህ ሸምሶ።

ካሳሁን አባቴን አየ። ሳለ። "እንግዲህ… እንደ ሁኔታው ነው" አለና ሻዩን አነሣ። እኔ ያኔ ፈሪ መስሎኝ ነበር።

ተቆረጠ። ጥፋቱ ምንም ይሁን ምን፣ ሽማግሌ ለገሃር ሄዶ ከባቡሩ ባለቤት ፊት ይቆማል፤ ከማሉ እንደ ወጉ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ባቡሩ ይመለሳል። ባልቻ ድንጋይ ከዚያው እናገኛለን ሲል ሸህ ሸምሶ ተቆጡ። "የአዲስ አበባ ድንጋይ የመንግሥት ነው። ሳያስፈቅድ አነሣ ብለው ደግሞ ሁለተኛ ክስ ይጨምሩበት?" አሉ። እናቴ ተነሥታ ጓዳ ገባችና የወፍጮዋን መጅ ይዛ ወጣች። ዓመት ከዓመት በርበሬ የፈጨችበት፣ ሳሙና የመሰለ ድንጋይ ነው።

"ይኼ ጫንቃውን አይቧጥጠውም" አለች።

እኔ የተወሰድኩት ለማስረጃ ነው። ሙሴው፣ ማለትም የባቡሩ ዋና ፈረንጅ፣ ደብዳቤውን አንብቡልኝ ካለ የማነበው እኔ ነኝ። ደብዳቤውን አባቴ ለእኔ አስያዘኝ። አውቶቡስ ላይ ወጣን፤ ሽማግሌዎቹ ለልመና የሚያዘውን እርጥብ ሣር በጨርቅ ጠቅልለው፣ መጁ በባልቻ ጭን ላይ። ያኔ መንገዱ ጠጠር ስለነበረ መጁ በየጉድጓዱ ይዘላል፤ ባልቻ ቡኢ ሳንደርስ ይቅርታ መጠየቅ ጀምሮ ነበር።

ጥያ ላይ አውቶቡሱ ጎማ ሊቀይር ቆመ። ወንዶቹ ወረዱ። እኔ መስኮት ስር ቁጭ ብዬ፣ ሙሴው ፊት እንዳልንተባተብ ልለማመድ ብዬ ደብዳቤውን አወጣሁ። አንብቤ ጨረስኩ። ነፋስ ወረቀቱን ገለበጠው።

"…የተቀመጥኩትም የባቡሮች ጉዞ ክፍል ምክትል ዲሬክተር ሆኜ ስለተሾምኩ ነው። ከእኛ አገር ልጅ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ የለም። ከአሁን በኋላ ባቡር ሁሉ የሚነሣው በእኔ ትእዛዝ ነው። ደስ ይበልህ አባቴ።"

ልጮህ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ወዲያው መልሼ ቁጭ አልኩ። ብናገር ምን ይሆናል? እልል ይባላል፣ ይሳቃል፣ አውቶቡሱ ይዞራል፣ ቡታጅራ እንመለሳለን። እኔ ደግሞ አዲስ አበባን አይቼ አላውቅም። ባቡር አይቼ አላውቅም። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ወረቀቱን አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። አባቴ ሲገባ "ምነው ፊትሽ?" አለኝ።

"መንገዱ ነው" አልኩት።

አዲስ አበባ እንደገባን ከማሉ ቤት አልሄድንም። ባለቤቱ ሀጀራ ቂርቆስ ሠፈር ባለው ቤታቸው እንግዳ መቀበል ታውቃለች፤ ግን የሽማግሌ ሕግ አለ፦ ልመናው ሳይመለስ ከበዳዩ ቤት እህል አይቀመስም። በባዶ ሆዳችን በቀጥታ ለገሃር ገባን። ባልቻ አዲስ አበባን የሚያውቀው በወሬ መሆኑ የታየው እዚያ ነው፤ ሦስት ጊዜ ጠፍተን በሦስተኛው አንዲት ሽሮ ሻጭ መራችን።

ሙሴው ቀይ፣ ወፍራም፣ መነጽራም ሰው ነበር። በሩ ሲከፈት አምስት ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ገባ። ከኋላቸው መጅ የታቀፈ ሰው፣ ከእሱ ኋላ እኔ። ሙሴው ብድግ አለ። ወንበር አሳየ፤ አልተቀመጡም። ሻይና ብስኩት አስመጣ፤ አልነኩም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፤ እኛ አሁንም አለን። በመጨረሻ ስልኩን አንሥቶ ጉራግኛ የሚያውቅ ሰው ጠራ።

የመጣው ከማሉ ነው።

በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ግራጫ ሱፍ ለብሷል፣ ክራቫት አስሯል። "አባ?" አለ። "ማን ሞተ?"

"ዝም በል። አንተ ዛሬ አፍ ብቻ ነህ" አሉት ሸህ ሸምሶ። ከዚያ ወደ ሙሴው ዞረው፣ ለክብሩ ሲሉ በአማርኛ ጀመሩ። በአማርኛ "እርስዎ" የሚባል ነገር እንዳለ ሸህ ሸምሶ ሰምተዋል፤ ተጠቅመውበት ግን አያውቁም። "አንተ ሙሴ፣ አላህ ያቆይህ። ልጅ ያጠፋል፣ አባት ይቆጣል፣ ሽማግሌ ይገባል። ይህ ልጅ ምን እንዳጠፋ አንጠይቅህም። ሰክሮ ነድቶ ከሆነ፣ መንገድ ስቶ ከሆነ፣ ባቡሩን አበላሽቶ ከሆነ፣ እኛ ጎንበስ ብለናል። ባቡሩን መልስለት።"

ከማሉ አንዲት አጭር ነገር በፈረንሳይኛ ተናገረ። ሙሴው ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ሸህ ሸምሶ ዓይናቸው ጠበበ። "ይህን ሁሉ ተናግሬ ይቺን ብቻ ነው ያልከው?"

"ፈረንሳይኛ አጭር ነው፣ ሸህ።"

"አጭር ከሆነ ሁለት ጊዜ በለው!"

"ሸህ ሸምሶ፣ እኔ እኮ ተሾምኩ እንጂ አልተሻርኩም! ጽፌላችኋለሁ! ደብዳቤው ላይ…"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጣራውን ማየት ጀመርኩ። የሚያምር ጣራ ነበር።

"አፍሮ ነው" አለ አባቴ ፈጠን ብሎ። "ልጁ አፍሮ ነው እንዲህ የሚለው። ድንጋዩን አሸክሙት።"

ባልቻ ከጠዋት ጀምሮ ይህን ሲጠብቅ ስለነበረ አንድ አፍታ አልፈጀበትም። መጁ ከማሉ ጫንቃ ላይ ወጣ። የባቡሮች ጉዞ ምክትል ዲሬክተር በሱፍና በክራቫት፣ በእናቱ መጅ ስር ጎንበስ ብሎ ቆመ። ጸሐፊዋ በሩ ላይ አፏን ይዛለች። ሙሴው የሚገባበት ጠፍቶት አንዴ ድንጋዩን አንዴ ሣሩን ያያል።

ያን ጊዜ ነው አባቴ አንድ እርምጃ ወደ ፊት የቀረበው። ገበያ ላይ ባቡር ወንዝ የሚያሻግረው ሰው፣ ድምፁ እንደ ድሮው ዝግ ብሎ ነበር።

"ለሙሴው እንዲህ በለው" አለ። "ይህ ልጅ ሰባት ዓመት ባቡር ነድቷል። እኔ አባቱ ነኝ። አንድ ቀን ሲነዳ አላየሁትም። ዛሬ ወሰዱበት ሲሉኝ፣ ምን እንደወሰዱበት እንኳ አላውቀውም። ይኼንኑ በለው፤ አታሳጥረው።"

ከማሉ ይበልጥ ጎነበሰ። ድንጋዩ ከብዶት አይደለም። ቀና ሳይል፣ ወለሉን እያየ፣ ቀስ እያለ ተረጎመ። አላሳጠረውም። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ተሰበረና እንደገና ጀመረ። እኔ ፈረንሳይኛ አልሰማም፤ ግን የትኛው ቃል ጋ እንደደረሰ አውቀው ነበር። ደረቴ ውስጥ ያለው ወረቀት አቃጠለኝ።

ሙሴው ብዙ አልተናገረም። ተነሥቶ መጁን በሁለት እጁ ከከማሉ ጫንቃ አወረደና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አንድ ነገር ጠየቀው፤ ከማሉ ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ነገር አዘዘው፤ ከማሉ ቀና አለ፣ ፊቱ በእንባና በሳቅ መካከል ሆኖ።

"ነገ ጠዋት የናዝሬቱን ባቡር እስከ ሞጆ የምነዳው እኔ ነኝ" አለን። "አባ ከእኔ ጋር ይሁን ብሏል።"

"አልነገርኳችሁም?" አሉ ሸህ ሸምሶ፤ ያን ጊዜ ተቀመጡና ብስኩቱን እስከ መጨረሻው በሉት።

በማግስቱ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ! ባቡሩ ከእኛ መደብ እስከ መስጊዱ እንኳ አይደርስም፤ አባቴ ግን ቅር አላለውም፤ እንዲያውም "ታጥፎ ነው" አለኝ። የዕለቱ ነጂ ቦታውን ለከማሉ ለቅቆ ከጎን ቆመ። አባቴና እኔ የነጂው ክፍል ገባን፤ ሽማግሌዎቹ ሦስተኛ ማዕረግ ላይ በመስኮቱ እንደ ሙሽራ አጃቢ ተደረደሩ። ከማሉ ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ሲዘረጋ፣ መሬቱ ከእግራችን ስር ተነሣ። እኔ ጮህኩ። አቃቂን ስናልፍ ከማሉ ለአባቴ የጥሩምባውን ገመድ ሰጠው። ወይኔ ጉዴ! ከዚያ በኋላ በሐዲዱ ዳር ጥሩምባ ያልተነፋለት ነገር የለም። ለላም ነፋ፣ ለፍየል ነፋ፣ ልብስ ለምታጥብ ሴት ነፋ፣ ማንም በሌለበት ሜዳ ላይ ደግሞ ለራሱ ነፋ። ከኋላ ሸህ ሸምሶ "የሸረፋ ነው! ይኼ የሸረፋ ነው!" እያሉ ለተሳፋሪው ሲያስረዱ ይሰማል።

ደብረ ዘይትን ካለፍን በኋላ ጥሩምባው ዝም አለ። ዞር ብዬ አየሁት። አባቴ ሐዲዱን አላየም፤ ሐይቁንም አላየም። የከማሉን እጅ እያየ ነበር፤ መንጃውን ሲስብ፣ ሲመልስ፣ ሲስብ። እስከ ሞጆ ድረስ ከዚያ እጅ ላይ ዓይኑን አላነሣም።

ሞጆ ላይ ስንወርድ ከማሉ ጎተተኝና "ደብዳቤውን አምጪ" አለኝ። ገለበጠው። እኔን አየኝ። ወደ ባቡሩ አየ። ጆሮዬን ያዘኝ፣ ሳይቆነጥጠኝ ለቀቀኝ፤ ሳቁ ግን እስከ ማታ አልለቀቀውም።

ሽማግሌዎቹ ባቡር አስመልሰው በድል ቡታጅራ ገቡ። ከማሉ ከዚያ በኋላ ምክትልነቱ ቀርቶ ዋና ዲሬክተር ሆነ፣ ልጆች ወለደ፣ መኪና ገዛ፤ ቡታጅራ ላይ ግን እስከ ዛሬ "ሽማግሌ ገብቶለት ነው" ይባላል። መጁም ጠረጴዛው ላይ ወረቀት መያዣ ሆኖ ቀረ። እናቴ ለአረፋ በመጣ ቁጥር "መጄን!" ትለዋለች፣ እሱም "ለሚቀጥለው ዓመት ኢንሻ አላህ" ይላታል።

በስልሳ ስድስት ካሳሁን ተቀይሮ ሊሄድ ሲል ሊሰናበተኝ መጣ። እኔ ያን ጊዜ እዚያው ቡታጅራ አስተማሪ ሆኛለሁ። ወግ ስናወጋ የደብዳቤው ነገር ተነሣና እየሣቅሁ ኃጢአቴን ነገርኩት። እሱ ግን አልሣቀም።

"አባትሽ አልነገረሽም እንዴ?" አለኝ። "ደብዳቤው በመጣ ማግስት ቢሮዬ ይዞት መጥቶ ነበር። ፊቱንም ጀርባውንም አነበብኩለት። ጀርባውን ሁለቴ አስነበበኝ። 'ታዲያ ከእንግዲህ አይነዳም ማለት ነው?' አለኝ። አዎ አልኩት። 'እንግዲያስ ሽማግሌ ልሰብስብ፤ አንተም ዝም በልልኝ' ብሎኝ ወጣ።"

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጦ በርበሬ ይለቅማል።

"አባ፣ የደብዳቤውን ጀርባ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር" አለ፣ መልቀሙን ሳያቆም።

"ታዲያ ያ ሁሉ ለቅሶ?"

"ያለቀሰችው እናትሽ ናት። እኔ አንገቴን ነው የደፋሁት። እሷም በሦስተኛው ቀን ነግሬያት አቆመች።"

"ለምን አልነገርከንም ታዲያ?"

አንዲት በርበሬ አንሥቶ በብርሃኑ አያት። "ነጂ ሆኖ ሰባት ዓመት 'ለሚቀጥለው' ብሎኛል። ሹም ከሆነ በኋላ የሚቀጥለው የለም። አባት ልጁን ራሱ አምስት ጊዜ ይለምናል፤ ስድስተኛው በሽማግሌ ነው።"

እኔም አጠገቡ ተቀምጬ በርበሬውን መልቀም ጀመርኩ። እሱ ግን ቀና ብሎ አየኝ፤ በጥሩምባው ቀን ያየሁት ፊት ተመልሶ መጣ።

"አንቺስ?" አለኝ። "ጥያ ላይ ስታነቢው ያላየሁሽ መሰለሽ? እስከ ለገሃር ድረስ አፏን ያዝልኝ እያልኩ አላህን ስለምን ነበር የሄድኩት።"